የዓባይን ልጅ ዳርቻ ጠማው

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ብሂል ስንሰማ ያደግነው ባለሀብት ከሀብቱ ተነጥሎ ሲገኝ፣ ቅርብ ያለው ከሩቁ ይልቅ ሲቸገር ነው። ጁባ ከገባን ወዲህ ግን ብሂሉ ምሳሌነቱ ቀርቶ ኑሯችን ሆኗል። ነጭ ዓባይ ከተማዪቱን በምሥራቅ በኩል ታክኮ ሌት ተቀን ይፈስሳል፤ እኛ ደግሞ ጁባ ና ባሪን በመሰሉ ሠፈሮች ተቀምጠን የውኃ ቦቴ እንጠብቃለን፤ ከዚያው ወንዝ የተቀዳውን ውኃ ገዝተን በርሜላችንን እናስሞላለን። ይህ የታወቀ ችግር ነው፤ ብዙም ተብሎበታል። የዛሬው ሂስ የሚያተኩረው ብዙ ባልተባለበት በሌላ ጥም ላይ ነው፤ ወንዙን በማየት፣ ዳሩ ላይ አረፍ በማለት፣ ልጅን አስከትሎ ወደ ውኃው በመውረድ፣ ከሥራ በኋላ ነፋሱን በመቀበል ጥም ላይ።

አንዳንድ አንባቢ «ሰው የሚጠጣው በተቸገረበት አገር ስለ ሽርሽር ማውራት ምን የሚሉት ነው?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ገና ከመነሻው መልስ ይሻል። የወንዝ ዳርቻ ሲታጠር መጀመሪያ የሚቀረው ሽርሽር ነው። ቀጥሎ ልብስ ማጠቢያው ይቀራል። ቀጥሎ ዓሣ አጥማጁ መረቡን የሚዘረጋበት ቦታ ይጠፋል። በመጨረሻም እናቶች በጄሪካን የሚቀዱበት መውረጃ ይዘጋል። አራቱንም የሚያግደው አንድ አጥር ነው። መዝናናት ከሰው ፍላጎቶች ሁሉ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል፤ የጋራ ሀብት እየተነጠቀ መሆኑን በማስታወቅ ረገድ ግን የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ «ሕዝቡ በወንዙ ዳር መናፈስ ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ «ወንዙ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጥሩ ውኃው ውስጥ ሲገባ

ጁባን የወለዳት ወንዙ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዛሬዪቱ ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ በምሥራቁ ዳርቻ የነበረው ጎንዶኮሮ፣ ከታች በጀልባ የሚመጣው መንገደኛ የመጨረሻ መድረሻ ነበር። በ1863 ስፒክና ግራንት ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲመለሱ ሳሙኤል ቤከርን ያገኙት እዚያው ነው። ነጋዴውም፣ ሚሲዮናዊውም፣ ወታደሩም ወደ ባሪዎች አገር የገቡት በውኃ ነው። ዛሬ ጎንዶኮሮ የሚለው ስም በአብዛኛው የሚያስታውሰን ከከተማው ፊት ለፊት ያለውን፣ አትክልት የሚለማበትንና በጀልባ የሚሻገሩበትን ደሴት ነው።

የዛሬዪቱ ጁባ ግን ጀርባዋን ለወንዙ ሰጥታ ያደገች ከተማ ትመስላለች። በ2005 የሰላም ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ በዳርቻው ካምፖችና ሆቴሎች በዙ፤ የእርዳታ ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም፣ ባለሥልጣኑም ማምሻውን በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ወንዙን እያየ የሚጫወትበት ቦታ አገኘ። ይህ በራሱ ክፋት የለውም። እንዲያውም ከእኛ ወገኖች ብዙዎች በሆቴልና በምግብ ቤት ሥራ የተሠማሩ ስለሆኑ እንግዳ ማስተናገድ ምን ያህል ድካም እንዳለው እናውቃለን። ክፋቱ የሚጀምረው ከሆቴሉ ቀጥሎ ሆቴል፣ ከመጋዘኑ ቀጥሎ መጋዘን፣ ከወደቡ ቀጥሎ የጥበቃ ክልል እየተደረደረ፣ በመካከላቸው ለእግረኛ የሚሆን መውረጃ ሲጠፋ ነው።

አንድ እሑድ ከሁለት ጓደኞቼና ከአንደኛው ጓደኛዬ ልጅ ጋር ስሙን መጥቀስ ወደማያስፈልግ የወንዝ ዳር ሆቴል ሄድን። ጥበቃው ሳያዙ መቀመጥ እንደማይቻል ነገረን። ነጋዴ መሸጡ ነውና አልተከፋንም። «እሺ፣ በውጭ በኩል ወደ ውኃው የሚያወርድ መንገድ የት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ማፊ» አለኝ በጁባ ዓረብኛ፤ የለም ማለቱ ነው። እውነቱን ነበር። አጥሩን ተከትለን ብንሄድ ቆርቆሮው ዳርቻውን አልፎ ውኃው ውስጥ ገብቷል። ልጁ በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቆ ወንዙን አየና «ትልቅ ነው!» አለ። ወንዙን ያየው በቀዳዳ ነበር። ያን ቀን ያዘንኩት በሆቴሉ አይደለም፤ አጥር ሠሪው ውኃው ውስጥ ገብቶ ቋሚ ሲተክል «እስከዚህ ድረስ ያንተ ነው፣ ከዚህ ወዲያ ግን የሁላችንም ነው» የሚል ሰው በመታጣቱ ነው።

ሕጉ ዝም አላለም። የ2011 የደቡብ ሱዳን የሽግግር ሕገ መንግሥት መሬት የሕዝቡ እንደሆነ ይደነግጋል። የ2009 የመሬት ሕግም መሬትን የሕዝብ፣ የማኅበረሰብና የግል ብሎ በሦስት ይከፍለዋል። ጎዶሎው በወረቀቱና በዳርቻው መካከል ያለው ርቀት ነው። ጦርነት በ2013 እና በ2016 ከተማዪቱን አናውጧታል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ የጸጥታ ኃይል ድልድይንና ወደብን መጠበቁ የሚያስገርም አይደለም። በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2022 የተመረቀው፣ 560 ሜትር የሚረዝመው የነፃነት ድልድይ ለከተማዪቱ ትልቅ ጌጥ ነው። ነገር ግን በጁባ ድልድይ ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ ማንሣት ምን ጣጣ እንደሚያመጣ የማያውቅ የለም። ወንዙን እንሻገረዋለን፤ ቆመን ግን አናየውም።

የምናነጋግረው እንጂ የማንቀመጥበት ወንዝ

ይህን ሁሉ በጁባ ላይ ብቻ ማላከክ ግን ቅንነት አይሆንም። እኛ ኢትዮጵያውያን ወንዝን የምናይበት ዓይን ራሱ መፈተሽ አለበት። በመጀመሪያ አንድ ስሕተት እናርም። ብዙዎቻችን የጁባን ወንዝ እያየን «ዓባያችን» እንላለን። በጁባ የሚያልፈው ከቪክቶሪያና ከአልበርት ሐይቆች ተነሥቶ በኒሙሌ በኩል የሚገባው ነጭ ዓባይ ነው፤ በዚህ አካባቢ ባሕር ኤል ጀበል ይባላል። ከኢትዮጵያ የሚወርደው ባሮ ከፒቦር ጋር ተቀላቅሎ ሶባት ከሆነ በኋላ ከዚህ ወንዝ ጋር የሚገናኘው ርቆ፣ በማላካል አቅራቢያ ነው። ዓባይ ራሱ ደግሞ የሚደርስበት ካርቱም ላይ ነው። ስለዚህ በጁባ ዳርቻ ያለነው እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ እንግዳ ነው፤ ናፍቆታችን ግን ወንዙን ዘመድ አድርጎታል።

ያ ናፍቆት ከየት መጣ? ከሥነ ጽሑፋችንና ከዘፈናችን ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስለ ዓባይ ገጥሟል፤ እጅጋየሁ ሽባባው አዚማለች፤ ከእነርሱ በፊትም በኋላም ስፍር ቁጥር የሌለው ባለቅኔና አዝማሪ ወንዙን በስሙ ጠርቶ አነጋግሮታል። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ በአብዛኛው የምናገኘው ሦስት ዓባዮችን ነው። አንደኛው ታላቁና ጥንታዊው፣ የሥልጣኔ አባት የሆነው ዓባይ ነው። ሁለተኛው አገሩን ትቶ አፈሩን ለባዕድ የሚያስረክበው፣ «ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ተብሎ የሚወቀሰው ዓባይ ነው። ሦስተኛው ከ2011 ወዲህ የገነነው፣ ተገድቦ መብራት የሚሰጠው ዓባይ ነው። ሦስቱም እውነት አላቸው፤ ሦስቱም ክብር ይገባቸዋል። የጎደለው አራተኛው ነው፤ ዳር ያለው ዓባይ፣ አንድ ተራ ሰው በተራ ቀን እግሩን አንከርፍፎ የሚቀመጥበት ዓባይ።

ጥበብ ያላየችውን ነገር ከተማ ነዳፊው እንዲያይ መጠበቅ ያስቸግራል። ወንዝን በቁጭት ብቻ የሚያውቅ ትውልድ ሥልጣን ሲይዝ ውኃውን ይቆጥራል እንጂ ዳርቻውን አይቆጥርም። የእኛ ጸሐፍት ጉድለት እዚህ ላይ ነው የምለውም ለዚህ ነው።

ጥምቀተ ባሕር የሚያስተምረን

ይህ ማለት ግን አባቶቻችን በውኃ ዳር መሰብሰብን አያውቁም ነበር ማለት አይደለም። ከማንም በፊት አውቀውታል፤ ስሙንም ጥምቀተ ባሕር ብለውታል። በየከተማውና በየገጠሩ ደብር ታቦት የሚወርድበት፣ ምንጭ ወይም ወንዝ ወይም ኩሬ ያለበት ሜዳ አለ። በጥር 10 ከተራ፣ በጥር 11 ጥምቀት ሲከበር ካህኑ ይቀድሳል፣ ይዘምራል፤ ወጣቱ ይጨፍራል፤ ኮበሌው ለወደዳት ልጅ ሎሚ ይወረውራል፤ ሽማግሌው ጥላ ፈልጎ ያወጋል። አምልኮውና መዝናናቱ አንድ ሜዳ ላይ ሳይጣሉ ይውላሉ። የጎንደሩ የፋሲለደስ መዋኛ ከቀሐ ወንዝ በተጠለፈ ውኃ በዓመት አንዴ ይሞላል፤ ካህናቱ ከባረኩት በኋላ ወጣቶች ዘለው የሚገቡበት ይሆናል። የጥምቀት በዓል በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘገብ ዓለም ያየው ሥርዓቱን፣ ልብሱንና ዜማውን ነው። እኔ ግን አንባቢ መሬቱን እንዲያይልኝ እፈልጋለሁ።

ጥምቀተ ባሕር የማን ነው? ደብሩ ይጠብቀዋል፤ ሕዝቡ ሁሉ ግን «የእኛ» ይለዋል። መግቢያ ትኬት የለውም። ከበዓሉ ውጪ ባለው ጊዜ በብዙ ቦታ ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል። ሊነካው የሚሞክር ሰው ሲነሣ ደግሞ ሕዝቡ ዝም አይልም። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር፣ ችግሩን የተረዳውም ሰው ቢሆን ሜዳው ለጥምቀት ይመለስ ዘንድ አጥብቆ ጠይቋል፤ ተመልሷልም። በቢሾፍቱ ሆራ ሀርሰዲ ዳርቻ የሚከበረው ኢሬቻም ሕዝብ በውኃ ዳር የመሰብሰብ መብቱን በየዓመቱ የሚያድስበት ነው። እንግዲህ ከሌላ አገር የምንቀዳው አዲስ ሐሳብ የለም። የሚያስፈልገን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ለታቦቱ ክብር ስንል የማናጥረውን ሜዳ፣ ለሰውም ክብር ስንል ሳናጥረው ብንተውስ?

ጢስ ዓባይ፦ በሜጋዋት የተለወጠ ፏፏቴ

የውኃ ዳር መዝናኛ ከልማት ጋር ሲጋጭ ምን እንደሚሆን ለማየት ከጢስ ዓባይ የተሻለ ምሳሌ የለም። በክረምት ሲሞላ እስከ 400 ሜትር ስፋት ይዞ፣ ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል የሚወረወረው ይህ ፏፏቴ የባሕር ዳርን ስም በዓለም ያስጠራ ነው። ወደ እርሱ የሚወስደው በ17ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ዛሬም ቆሟል። በ1964 ከፏፏቴው አጠገብ 11.4 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ተተከለ፤ ጉዳቱ ያን ያህል አልነበረም። በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ ውኃውን የሚመጥን መቆጣጠሪያ ተሠራ። በ2001 ደግሞ ወደ 73 ሜጋዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ውኃው ከገደሉ በፊት ተጠልፎ ወደ ተርባይኑ ሲሄድ፣ በበጋ የሚመጣ ጎብኚ ጢሱን አጥቶ ድንጋዩን አይቶ መመለስ ዕጣው ሆነ።

ነገሩ ፏፏቴው ላይ ብቻ አልቆመም። ጨረጨራ ጣናን ከተፈጥሮ ሐይቅነት በከፊል ወደ ውኃ ማጠራቀሚያነት ለውጦታል። በ2003 ዝናብ አንሶ ሳለ ውኃው ለመብራት መለቀቁ ስለቀጠለ የሐይቁ ወለል እጅግ ወረደ፤ መርከቦች ለአራት ወራት ያህል መንቀሳቀስ አቆሙ። የደሴት ነዋሪው፣ ገዳማዊው፣ ዓሣ አጥማጁና ጎብኚው በአንድ ጊዜ ተቸገሩ። በ2010 የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋዋት ይዞ ሲመጣ ውኃው በሌላ አቅጣጫ በዋሻ ወደ በለስ መሄድ ጀመረ፤ የጢስ ዓባይ ጣቢያዎችም በአብዛኛው ተጠባባቂ ሆኑ።

እዚህ ላይ ፍርድ እንስጥ። መብራት ማመንጨቱ ስሕተት ነበር? አልነበረም። በጨለማ የሚማር ልጅ ላለበት አገር ሜጋዋት ቅንጦት አይደለም። ስሕተቱ በሒሳቡ ላይ ነው። ኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ ተተመነለት፤ ፏፏቴው ግን ዋጋ ቢስ ተብሎ በዜሮ ተያዘ። የአስጎብኚው ወጣት ገቢ፣ ዳንቴልና ቅል የምትሸጠው ልጅ ዕለታዊ ዳቦ፣ የጀልበኛው ሥራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «አገሬ» ሲል የሚታየው ነገር ያለው ሰው ኩራት በሒሳቡ ሰንጠረዥ ቦታ አልነበራቸውም። ቢያንስ በእሑድና በበዓል ቀን ይህን ያህል ውኃ ለገደሉ ይለቀቅ የሚል የጸናና ሁሉም የሚያውቀው ደንብ ቢኖር ኖሮ ሁለቱም ባልተጣሉ ነበር።

ከጁባ ሽቅብ

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ታሪክ አይደለም፤ ከጁባ ሽቅብ ስንወጣም ያንኑ እናገኛለን። ስፒክ በ1862 አይቶ የሪፖን ፏፏቴ ያለው ቦታ በ1954 በጂንጃ የኦወን ፎልስ ግድብ ሲሠራ በውኃ ተዋጠ። ከዚያ ዝቅ ብሎ የነበረው ቡጃጋሊ ፏፏቴ ደግሞ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከየአገሩ የሚመጡ ወጣቶች በጎማ ጀልባ የሚንሸራተቱበት ታላቅ መዝናኛ ሆኖ ነበር። በ2012 የ250 ሜጋዋት ግድብ ሲጠናቀቅ ቡጃጋሊም ከውኃ በታች ሆነ። ለጠፋው ማካካሻ እንዲሆን ዝቅ ብሎ ያለው የካላጋላ ፏፏቴ ለጉብኝትና ለተፈጥሮ ጥበቃ እንዲተው ስምምነት ተደረገ። በ2019 የተመረቀው የኢሲምባ ግድብ ግን ውኃውን ወደ ኋላ እየገፋ የዚያኑ ስምምነት ክልል በመንካቱ ብርቱ ክርክር አስነሣ። ካሣ ተብሎ የተሰጠ ነገር ራሱ ሌላ ካሣ ሲያስፈልገው ማየት ያሳዝናል።

ደቡብ ሱዳን ይህን ታሪክ በጊዜ ልታነብበው ይገባል። በኒሙሌ አካባቢ የሚገኘው የፉላ አሸንዳ ለኃይል ማመንጫ የታሰበ ቦታ መሆኑ ለብዙ ዓመታት ሲነገር ቆይቷል። በዚያው አካባቢ በ1954 የተቋቋመው የኒሙሌ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ዝሆን ወንዙን ሲሻገር የሚታይበት፣ ውኃው በጠባብ ዓለት መካከል የሚጮኽበት ስፍራ ነው። ጁባ በጄነሬተር ጢስ የታፈነች ከተማ ናትና ኃይል ያስፈልጋታል። ይሁን እንጂ ግድቡ ከመነደፉ በፊት «ለዕይታ ምን ያህል ውኃ ይቀራል? ዳርቻው ለማን ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ መቀመጥ አለበት። ከተነደፈ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ልቅሶ ብቻ ነው።

ንጋት ሐይቅ፦ ገና ያልተጻፈ ገጽ

በመስከረም 2025 የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከኋላው ንጋት የተባለውን ሐይቅ ፈጥሯል። ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ ስፋቱም 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚደርስ ከጣና ግማሽ በላይ ነው። ደሴቶቹ፣ ዓሣው፣ የጀልባ ጉዞውና የሚሠሩት ሎጆች ከወዲሁ በስፋት ሲነገርላቸው ሰምተናል። ደስ ይላል። ሆኖም ደስታው ሁለት ነገሮችን እንዳያስረሳ ያስፈልጋል።

አንደኛው የውኃው ጠባይ ነው። የግድብ ሐይቅ እንደ ተፈጥሮ ሐይቅ ዳርቻው አንድ ቦታ አይረጋም። የሕዳሴው ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ላይ ሲሞላ፣ ኃይል ማመንጨት የሚችልበት ዝቅተኛ ከፍታ ግን 590 ሜትር ነው። በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይሰጣል። በመስከረም እግርህን ያራስክበት ዳርቻ ሰኔ ሲገባ ርቆ፣ በመካከሉ ጭቃና የሞተ ዛፍ ግንድ ሊቆም ይችላል። መዝናኛ የሚሠራ ሰው ይህን ጠባይ ሳያውቅ ቢሠራ ሎጁ ከውኃው ርቆ ይቀራል፤ ዋናተኛም በተዋጡ ዛፎች መካከል ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ማራኪ ፎቶግራፍ ብቻውን ዕቅድ አይሆንም።

ሁለተኛው የሰው ነገር ነው። ሐይቁ ከመምጣቱ በፊት ያ ሸለቆ ባዶ አልነበረም፤ የጉሙዝ ተወላጆች ያርሱበትና ያጠምዱበት ነበር፤ ለግድቡ ሲባልም ከቀያቸው ተነሥተዋል። በዚህ አዲስ ዳርቻ ላይ የመጀመሪያዎቹ ጀልበኞች፣ የመጀመሪያዎቹ አጥማጆች፣ የመጀመሪያዎቹ አስተናጋጆች እነርሱ ካልሆኑ መዝናኛው በሌላ ሰው ኀዘን ላይ የተዘረጋ ምንጣፍ ይሆናል።

ይህ ሥጋት ከባዶ የመነጨ አይደለም፤ በጣና ዳር አይተነዋል። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት፣ በውኃው ላይ ከማንም በላይ የሚያውቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች የባሕር ዳር ዳርቻ ሲያምርና ሲወደድ ደጋግመው ከቦታቸው ገለል እንዲሉ ተደርገዋል። ታንኳቸው ግን በሆቴሉ ግድግዳ ላይ ተስሎ፣ በስጦታ ዕቃ መደብር በትንሹ ተሠርቶ ይሸጣል። ባለታንኳውን አባርሮ ታንኳውን ለጌጥ ማስቀረት ባህልን ማክበር አይባልም። ጣና በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ ወርሮታል። በዘመቻ እምቦጭ ሊነቅል የወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው አንድ ነገር ይረዳል፤ ሕዝብ ለሚደርስበት ውኃ ይሠራል። ለማይደርስበት ውኃ ግን ማን እጁን ያቆሽሻል?

ወደ ጁባ ስንመለስ

ይኸው ነጥብ ለጁባም ይሠራል። በ2014 በከተማዪቱ ኮሌራ ሲቀሰቀስ የወንዙ ውኃ ከመጠርጠር አልዳነም። «ዳርቻው ቆሻሻ ስለሆነ ሰው ባይወርድበት ይሻላል» የሚል ሙግት አለ፤ ከንቱም አይደለም። ግን ነገሩን ገልብጠን እንየው። ዳርቻው የፕላስቲክ ጠርሙስ መጣያ የሆነው ሰው ስለበዛበት ሳይሆን ተቆርቋሪ ስላጣ ነው። እያንዳንዱ ግቢ ቆሻሻውን ከአጥሩ ጀርባ፣ ማለትም ወደ ወንዙ ይገፋዋል፤ ከአጥሩ ጀርባ የሚያልፍ፣ የሚያይና የሚወቅስ መንገደኛ የለምና።

ይህን ስንል ግን የባሪን ሕዝብ ረስተን መሆን የለበትም። የምንኖርበት ሠፈር ስም እንኳ ስማቸውን ይዟል። ከተማዪቱ በመሬታቸው ላይ አድጋለች፤ ከ2005 በኋላ በመጣው የመሬት ሽሚያ ብዙ ያጡትም እነርሱ ናቸው። «የሕዝብ መናፈሻ» በሚል ስም የአጥማጁን ጎጆና የአትክልተኛዋን መደብ ማንሣት በቆርቆሮ ከማጠር የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ነጠቃውን መልካም ስም ያለብሰዋል። ጥምቀተ ባሕር ያስተማረን ሌላ ነው። ከብቱም ይግጥ፣ ልጁም ይጫወት፣ ታቦቱም ይደር፤ አንዱ ሌላውን ሳያስወጣ።

እኛስ? እኛ እዚህ እንግዶች ነን፤ ሕግ አናወጣም። ነገር ግን ከአጥር ሠሪዎቹ መካከል የእኛም ሰዎች እንዳሉ ማመን አለብን። ወንዝ ዳር ቦታ የተከራየ ወገናችን ግቢውን ሲያጥር አምስት ክንድ ያህል መተላለፊያ ቢተው ከንግዱ ምን ይጎድልበታል? እሑድ እሑድ ቡና አፍልተን፣ በቆርቆሮ ግቢ ውስጥ ተሰብስበን የዓባይን ዘፈን እያዳመጥን ስንናፍቅ እንውላለን፤ ወንዙ ደግሞ በእግር ሊደረስበት በሚችል ርቀት ላይ ያልፋል። ይህን ልማድ መውቀስ ያለብን እኛው ነን።

ለማንኛውም ወንዝ፣ ለማንኛውም ግድብ የሚሆን መመዘኛ ሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ምንም ገንዘብ ያልያዘ ሰው ከልጁ ጋር እስከ ውኃው ድረስ መውረድ ይችላል? ከዚህ በፊት በዚያ ይኖር የነበረው ሰው ዛሬም አለ? የሚያየው ውኃ ለዕይታ የሚበቃ ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በጢስ ዓባይም፣ በንጋት ሐይቅም፣ በፉላም፣ ከጁባው ቆርቆሮ አጥር ሥርም መጠየቅ ይቻላል። ያ በቀዳዳ ያጮለቀው ልጅ ሲያድግ ስለ ዓባይ ግጥም ይጽፍ ይሆናል። ከመጻፉ በፊት ግን እግሩን አንድ ቀን ውኃው ውስጥ ቢያስገባ መልካም ነው።